ሰፌዱ ተቀዶ ጎተራ መጥረግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቡሬ ከተማ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራበትን ላፕቶፕ የገዛሁት አገልግሎ ነው፤ ራሙ 8 ጂቢ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ እየሠራሁ ሳለ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ጠፍቶ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስከፍተው ፋኑ ይዞራል፣ የካፕስ ሎኳ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁት፤ ሳምንት ሳይቆይ ያው ሆነ። አንዱ ባለሙያ «ማዘርቦርዱ አልቆለታል፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። ሌላው «ራሙ ይሆናል» ይላል። የማንን ልስማ? ራሙ ቢወጣ የደንበኞቼ ጽሑፍ ይጠፋብኛል? የተመራቂ ተማሪዎች ሥራ እጄ ላይ ነው።
ባለ ጽሕፈት ቤቷ፣ ከቡሬ

መልስ፦ እታለም፣ ለአዲስ ላፕቶፕ የያዝሽውን ብር ለጊዜው ወደ ቦታው መልሺው። የነገርሽኝ ምልክት ከማዘርቦርድ፣ ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ይልቅ ራም ራም ይሸታል።

የጽሑፉን ጉዳይ ላስቀድም፤ የሚያስጨንቅሽ እሱ ነው። ፋይልሽ የሚቀመጥበት ዲስክ ጎተራ ነው፤ እየሠራሽበት ያለውን ለጊዜው የሚይዘው ራም ደግሞ ሰፌድ። እህሉን ከጎተራ ታወጫለሽ፣ በሰፌድ ታበጥሪያለሽ፣ መልሰሽ ትከቻለሽ። ሰፌድ ቢለወጥ ጎተራው አይጎድልም። ስለዚህ ራሙ በመውጣቱ የማንም ጽሑፍ አይጠፋም። ሰፌዱ ከተቀደደ ግን ሌላ ነገር ነው። ስታበጥሪ የፈሰሰው ይፈሳል፤ ወደ ጎተራ የሚመለሰው ጎድሎ ነው። በተበላሸ ራም ላይ ጽፈሽ ሴቭ ያደረግሽው ፋይል ተበላሽቶ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ እስኪለይ በዚያ ላፕቶፕ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ አትንኪ። ፍላሽ ላይ የቆየ ቅጂ ካለሽ አዲሱን አትደርቢበት፤ ለየብቻ አስቀምጪያቸው።

ፎርማቱ ለምን እንዳልፈወሰው አሁን ይገባሻል። ሰፌዱ ተቀዶ ሳለ ጎተራውን ሁለት ጊዜ ጠረጉልሽ። በእኛ አገር ፎርማት እንደ ፌጦ ሆኗል፤ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ በጀመርሁ ሰሞን የአንድ መምህር ላፕቶፕ ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርጌያለሁ። ሰውየው ከደጀን ነበር የሚመላለሱት። በሦስተኛው ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ መሀል ላይ አልጫንም ብሎ ቆመ። ያኔ ነው ራሙ ትዝ ያለኝ። የተቀበልሁትን ብር መለስሁላቸው፤ የመመላለሻ የመኪና ሒሳባቸውን ግን ዝም አሉኝ፣ እኔም ዝም አልሁ።

አሁን ወደ ምርመራው። ዊንዶውስ ላይ የራሱ መመርመሪያ አለ። መፈለጊያው ላይ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» ብለሽ በእንግሊዝኛ ብትጽፊ ይመጣል። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሳና ራሙን ይፈትሻል። ስህተት አለ ካለሽ እመኚው። ምንም የለም ካለሽ ግን ቶሎ አትመኚው፤ ስስ ምርመራ ነው። እኔ የምተማመነው በሜምቴስት86 ነው። ነፃ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ትጭኚዋለሽ፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶውን ተጠቀሚ። ከዚያ ላፕቶፑን በፍላሹ ታስነሺዋለሽ። ዊንዶውስን ጨርሶ ስለማይነካ የበሽታው ምንጭ ሶፍትዌር ነው የሚለው ክርክር እዚያው ያበቃል። ነፃው 4 ዙር ይፈትሻል፣ ሰዓታት ይፈጃል። ማታ ቻርጀሩ ላይ ሰክተሽ ተኚ። ጠዋት አንድ ስህተት እንኳ ካየሽ ያው ስህተት ነው፤ «አንድ ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም።

ስህተት ከተገኘ፣ ወይም ጨርሶ አልነሳም ካለ፣ ካቻቢቴ አንሺ።

ሺፍትን ተጭነሽ ሻት ዳውን አድርጊው፤ እንዲያ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ቻርጀሩን ንቀይ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጪው፤ ውስጥ ከሆነ ስትከፍቺው መጀመሪያ ሽቦውን ከማዘርቦርዱ አላቂው። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ናይለን ሹራብ ከለበስሽ አውልቂ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሹራብ ስታወልቂ ጠጠጥ የሚለው እሳት ራምን ይገድላል። የመስኮት ብረት ነካ አድርገሽ ጀምሪ።

ብሎኖቹን ስትፈቺ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሳዪና እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጪ። ቁመታቸው አንድ አይደለም። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካጠበቅሽው ቦርዱን ሊበሳ ይችላል፤ ያኔ በእውነትም ማዘርቦርዱ ያልቅለታል።

ራሙ ጣት የምታህል ረጅም አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሁለቱን ጎን የያዙትን የብረት ክንዶች ወደ ውጭ ግፊያቸው፤ ራሙ ራሱ ተስፈንጥሮ ጋደል ይላል። ጠርዙን ይዘሽ ሳቢው። ወርቃማውን ጥርስ በጣት አትንኪ። በነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ አሺውና ፍርፋሪውን በንጹሕ ብሩሽ አራግፊ። በአፍሽ እፍ አትበዪበት፤ ምራቅ ይዞ ይገባል። ስትመልሺው ጋደል አድርገሽ ጥርሱ ሊሰወር እስኪደርስ አስገቢ፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫኚ። ቀጭ ይላል። ቀጭ ካላለ አልገባም። ከእጄ ካለፉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ እዚሁ ላይ ድነዋል፤ አቧራና መንገጫገጭ እንጂ ሌላ በሽታ አልነበረባቸውም።

ካልዳነ ደግሞ ጨዋታው እዚህ ጋ ነው። 8 ጂቢሽ ምናልባት ሁለት ባለ 4 ነው። አንዱን ብቻ አንደኛው ቦታ ላይ አድርገሽ ፈትሺ። አውጥተሽ ሁለተኛውን እዚያው ቦታ ላይ ፈትሺ። ከዚያ ደህናውን ወደ ሌላኛው ቦታ አዛውሪ። ስህተቱ አንዱን ራም ተከትሎ ከዞረ ጥፋቱ የራሙ ነው። የትኛውም ራም ቢገባ ስህተቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከቀረ ጥፋቱ የመሰኪያው ወይም የማዘርቦርዱ ነው። ያ ባለሙያ ይህን ሳይሠራ ነው «አልቆለታል» ያለሽ። ሁለቱም ራሞች በሁለቱም ቦታ ንጹሕ ከሆኑ ግን እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ዲስኩንና ሙቀቱን እናያለን፣ መልሰሽ ጻፊልኝ።

አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ የተበየደ ነው፤ ስትከፍቺ ሰሌዳውን ካጣሽው መልሰሽ ዝጊው። እሱ የብየዳ ባለሙያ ሥራ ነው።

ደህናው ከታወቀ በእሱ ብቻ ሥራሽን ቀጥይ። 4 ጂቢ ለጽሕፈት ይበቃል፤ ክሮም ላይ አሥር ገጽ አትክፈቺ እንጂ።

ምትክ ራም ስትገዢ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቢ። «ፒሲ3» የሚል ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው፣ «ፒሲ4» ዲዲአር4። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጥርሱ መሀል ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ በጉልበት አትሞክሪ። ከፒሲ3 ቀጥሎ «ኤል» ካለች ልብ በዪ። እሷ በ1.35 ቮልት የምትሠራው ናት፤ ያለ ኤል ያለው 1.5 ይፈልጋል፣ ዝቅተኛውን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ላይ አይሠራም። ፍጥነቱ ከቀድሞው ቢበልጥ ችግር የለም፤ ሁለቱም በዝቅተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ያገለገለ ነው። ላፕቶፑንና ፍላሹን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዙር ይፈተሽ። ባለሱቁ «አያስፈልግም፣ ኦርጅናል ነው» ካለሽ ቀጣዩ ሱቅ ግቢ።

የሞተውን ራም አትጣዪው። ወረቀት ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፤ ባለሱቁ ምን ዓይነት እንደምትፈልጊ ሲጠይቅሽ እሱን ታሳዪዋለሽ። ብቻ ከአዲሱ ጋር እንዳይቀላቀልብሽ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት።