መልስ፦ ስቆጣ የሚነሣብኝን «አውሬ» እንዴት ላጥፋው?

አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አይመኙ። ሲቆጡ ልብዎ የሚመታው፣ እጅዎ የሚንቀጠቀጠውና ጸጉርዎ የሚቆመው ሐሳብዎ ስለ ከፋ ሳይሆን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ስለሚለቁና ነርቮችዎ ሰውነትዎን ለጠብ ወይም ለሽሽት ስለሚያዘጋጁት ነው። ውሻ ያየች ድመት ጸጉሯን የምታቆመውም በዚሁ መንገድ ነው፤ እርሷ ግን ገዝፋ ለመታየት ይጠቅማታል፣ የእኛ ጸጉር ስለ ሳሳ ማንንም አያስፈራም።

ስለዚህ ከአውሬው ጋር ከመታገል ይልቅ ሰውነትዎን ያብርዱት። አየር ካስገቡበት ጊዜ አርዝመው ቀስ ብለው ያስወጡ፤ በረጅሙ መተንፈስ የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል። ይህን ለጥቂት ደቂቃዎች ይደጋግሙ፤ እስኪረጋጉም ለማንም መልስ አይስጡ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ፣ ማለትም ከማሰብ፣ ከመናገርና ከሕያውነት፣ ተፈጠረ ሲሉ፣ እሳቱን አውጥተን እንጣለው አላሉም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ «ተፈጥሮዬ ነው» የሚለውን ቃል ማመካኛ አድርጌው ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ከእኔ ጋር ማዕድ መቅረብ ሲተው ነው የነቃሁት።