የመናፈሻው ሣር ተረጨ፣ የጎረቤት ባቄላ ተጠማዘዘ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ የልጆች እናት ናቸው፤ ግቢያቸው ከአንድ ትንሽ መናፈሻ ጋር በአጥር ይዋሰናል። የጻፉልኝን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«መናፈሻውን የያዙት የማኅበር ልጆች ናቸው። ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት አትክልተኛው ገና ፀሐይ ሳትሞቅ በጀርባ መርጫ ሣሩን ሲረጭ አየን። ከቀናት በኋላ አረሙ ጠወለገ፣ ሣሩ ግን ደህና ነው። ከአጥሩ ወዲህ ጎረቤቴ የዘሩት ባቄላ ተጠማዘዘ። እሳቸው ‹መድኃኒቱ ነው› ይላሉ፣ አትክልተኛው ‹ውርጭ ነው› ብሎ ድርቅ ብሏል። አንዱ ጎረቤት ካንሰር ያመጣል የሚል በስልኩ አንብቦ ግማሹ ሰፈር ልጆቹን ከለከለ። ሌላው ደግሞ ‹ገበሬው በየዓመቱ ስንዴው ላይ የሚረጨው አይደል እንዴ?› ይላል። ከመናፈሻው የታጨደውን ሣር በግ ያላቸው ወስደዋል፣ እኛም ለመስቀል ቤታችን ጎዝጉዘነዋል። ማን ነው ልክ? ልጅስ ከስንት ቀን በኋላ ይገባበታል? እሸቱስ ይበላል?»

እህቴ፣ ሰፈሩ የተጣላው ስሙን ባላወቀው ነገር ነው። ፀረ-አረም ሁሉ «መድኃኒት» ተብሎ ስለሚጠራ፣ አንዱ ስለ አንድ ኬሚካል ያነበበውን ሌላው ስለ ሌላ ኬሚካል ከሚያውቀው ጋር ያጋጫል። ደግነቱ የጻፉልኝ ውስጥ ፍንጭ አለ። አረሙ ጠውልጎ ሣሩ ከተረፈ፣ የተረጨው ራውንድአፕ ተብሎ የሚሸጠው ግላይፎሴት ሊሆን አይችልም። እሱ ቢሆን ኖሮ ሣሩም አብሮ ይደርቅ ነበር፤ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ነው የሚገድለው። ቅጠለ ሰፊውን መርጦ የሚገድል፣ በየገበያው የሚገኝ፣ ርካሽም የሆነው ቱፎርዲ (ዕቃው ላይ 2,4-D ተብሎ የሚጻፈው) ነው። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለምና መድኃኒቱ የመጣበትን ዕቃ አሳዩን በሉ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ከእኔም ከስልኩም በላይ ነው።

ወደ ባቄላው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ማየት እንጂ መከራከር አያስፈልግም። ቱፎርዲ የሚሠራው የተክሉን የዕድገት ሆርሞን መስሎ ገብቶ ነው፤ ተክሉ ሥርዓቱን ስቶ ያድጋል። ስለዚህ የነካው ባቄላ መጀመሪያ አይደርቅም፤ ግንዱ ይጣመማል፣ ለጋው ጫፍ ወደ ታች ይቆለመማል፣ አዲሱ ቅጠል እንደ ጭልፋ ይጎደጉዳል። ውርጭ ሲመታው ግን ቅጠሉ መጀመሪያ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፤ አይጠማዘዝም። በዚያ ላይ ውርጭ የአንድ ሰው አጥር መርጦ አይመታም፤ የሰፈሩን ዝቅተኛ ቦታ ሁሉ ነው የሚያገኘው። በደብረ ብርሃን ደግሞ ውርጭ የሚበረታው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ሦስተኛ ተጠርጣሪም አለ፦ ገበሬው ቆርምድ የሚለው የባቄላ በሽታ። እሱም ቅጠል ያኮማትራል፣ ግን ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩት ትንንሽ ያበጡ እባጮች ይገኙበታል፤ በመስመርም አይመጣም።

አንድ ጠዋት ከጎረቤትዎ ጋር ከአጥሩ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ተራመዱ። ጉዳቱ አጥሩ ሥር በርትቶ ወደ ቤቱ ሲጠጉ እየቀነሰ ከሄደ፣ የመጣው ከማዶ ነው። ድንቹንም እዩ፣ ጽጌረዳም ካለ እዩ። የተለያየ ዓይነት ተክል በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ከተጠማዘዘ በሽታ አይደለም፤ በሽታ አንድ ዓይነቱን ነው የሚይዘው። በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ቀን ጻፉበት።

አትክልተኛው «ነፋስ አልነበረም» እንደሚል እገምታለሁ፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት መሬቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ መሬት ለመሬት ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዝና ተኝቶ ይቀራል። በዚህ ሰዓት ከመርጫው የሚወጣው ደቃቅ ጠብታ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም፣ ቶሎም አይወርድም፤ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ወደ ዝቅታው ይሄዳል። መለያው ቀላል ነው፦ እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት ጭስ ማየት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣና ከተበተነ ይረጫል፤ ጣሪያ ለጣሪያ ከተኛ መርጫው ይቀመጥ። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ መጠበቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ማቆም። መሐል ላይ ያለችው ሰዓት አጭር ናት፣ እሷኑ መጠቀም ነው። ቱፎርዲ «ኤስተር» እና «አሚን» በሚባሉ ዓይነቶች ይሸጣል። ዕቃው ላይ «ኤስተር» የሚል ካለ ከተረጨ በኋላም በሙቀት እየተነነ ስለሚሄድ ሰው በሚኖርበት አጠገብ ባይረጭ ይሻላል፤ «አሚን» የሚለው በዚህ በኩል የተሻለ ነው።

መጠኑንም ጠይቁልኝ። በሊትር 720 ግራም ያለው ቱፎርዲ በስንዴና በጤፍ ማሳ የሚታዘዘው ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር አካባቢ ነው። በሄክታር 200 ሊትር ውኃ ከተረጨ፣ ባለ 15 ሊትር መርጫ 750 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የሚገባበት 75 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው «እንዲይዝልኝ» ብሎ እጥፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ግን የአረሙን ጫፍ ቶሎ ያቃጥልና ሥሩ ሳይነካ ይቀራል። በቡና ሲኒ የሚለኩም አይቻለሁ። ያ ሲኒ ተመልሶ ረከቦት ላይ እንዳይቀመጥ እግዜር ይጠብቀን።

የካንሰሩን ወሬ በአንድ ቃል «ውሸት» ብዬ አልጥለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው» በሚለው ምድብ፣ ቱፎርዲን ደግሞ ከዚያ ዝቅ ባለው «ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ አስቀምጧል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በግላይፎሴት ላይ በዚህ አልተስማማም፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለተጨማሪ 10 ዓመት ፈቅዶታል። ምድቡ የሚናገረው ስለ ነገሩ ባሕርይ ነው፤ አንድ ልጅ አንድ ቀን ሣር ላይ ተጫውቶ ምን እንደሚሆን አይለካም። «ገበሬው ይረጨው የለ» ለሚለው ጎረቤትም መልስ አለኝ፦ ስንዴ ማሳ ውስጥ ሕፃን አይንከባለልም፣ ዳቦ ይዞ አይቀመጥም፣ ሣር እየነቀለ አያኝክም። የአፋጣኝ ጉዳቱን ካነሣን ቱፎርዲ በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ መጠነኛ አደገኛ ከሚባሉት ነው፤ በተለይ ዓይን ላይ ክፉ ነው። ከሁሉ በላይ ተጋላጩ ራሱ አትክልተኛው ነው፤ ዋናውን ኬሚካል በባዶ እጁ የሚቀዳው እሱ ነዋ። ጓንት፣ ቦት ጫማና የዓይን መነጽር ማኅበሩ ይግዛለት። ከረጨ በኋላ ወተት መጠጣትም መርዙን አያረክስም፤ የሚጠቅመው ሳሙናና ብዙ ውኃ፣ ልብስንም ለብቻ ማጠብ ነው። ሰው ከታመመ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዞ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

«ከስንት ቀን በኋላ?» ብዙው የቱፎርዲ መመሪያ ሰው ቢያንስ እስኪደርቅ ድረስ እንዳይገባ ይላል። እኔ ሕፃናት በሚንከባለሉበት ሣር ላይ በዚህ አልረካም፤ በሩ ሦስት ቀን ይዘጋ፣ ከዚያም ዝናብ ካልጣለ ሣሩ በውኃ ይታጠብ እላለሁ። ኬሚካሉን አፈር ውስጥ የሚያፈርሱት ደቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ በብርድ አገር ደግሞ ሥራቸው ይዘገያል። የእናንተ ከመስቀል በፊት የተረጨ ስለሆነ ይህ ከደረሳችሁ በኋላ ልጆቹን ብትለቋቸው አልሰጋም። ሣሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከተረጨ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አጨዳዎች ለበግም ለጉዝጓዝም መሆን አልነበረባቸውም፤ ለሚታለብ ከብት ደግሞ ቢያንስ ሰባት ቀን። ጎዝጉዛችሁት ያለፈው አልፏል፣ ጠርጋችሁ ከጣላችሁት አትጨነቁ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር፦ መናፈሻው መረጨት አልነበረበትም። በመስከረም ደብረ ብርሃን ሣር ላይ የሚታየው አረም ምንድን ነው? ማገጥ፣ ጎርጠብ፣ ቱልት። ማገጥ እንዲያውም አፈሩን በናይትሮጅን የሚያለማ፣ ንብ የምትቀስመው፣ በግ የሚወደው ነው፤ ለምን ጠላት እንደሆነ አይገባኝም። ቱልት ሥሩ ረጅም ቢሆንም ክረምት ሲወጣ አፈሩ ገና ርጥብ ስለሆነ በመኮትኮቻ ይነቀላል። ሙጃ ከሆነ ደግሞ ቱፎርዲ ጨርሶ አይነካውም፣ እሱም ራሱ የሣር ወገን ነው። አረም የሚገባው ሣሩ ሲደክም ነው፤ የሚያደክመውም ሥሩ ድረስ መላጨት ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተትቶ ቶሎ ቶሎ ከታጨደ ሰርዶው ራሱ ይሸፍነዋል። ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ደንድኖ ከተላጨ በአትክልተኛ ሹካ ወግቶ፣ ፍግ በትኖ፣ ሰርዶ መትከል ነው። ለዚያች ስፋት ሁለት ሰው ጥቂት ቀን ቢያርም ይበቃታል።

ከማኅበሩ ልጆች ጋር ስትቀመጡ ክሱን አታስቀድሙ። መጀመሪያ ዕቃው ይምጣ። በውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የተሸጠ፣ ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያልቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥም መጠቀምም ክልክል ነው፣ ፀረ-አረምም በዚሁ ውስጥ ይገባል። የከተማው ግብርና ባለሙያ ይጠራ፣ ባቄላውን በዓይኑ ይይ። ወደፊት የሚረጭ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት በር ላይ ይለጠፍ፦ የኬሚካሉ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ መቼ እንደሚከፈት። ከአጥሩ ወዲያ አሥር ሜትር ያህል አይነካ። ያለቀው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይመለስ እንጂ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርድ ቦይ አይደፋ፤ ከዚያ ይበሳ፣ ጀሪካን ሆኖ ገበያ እንዳይወጣ። ባቄላው በእርግጥ ከማዶ በመጣው ከተጎዳ፣ ካሳውን ሽማግሌ ይቁረጠው፤ ያን እኔ አልገባበትም።

እሸቱን በተመለከተ፦ የተጠማዘዘውን አትብሉት፣ ለልጆችም አትስጡ። ቱፎርዲ ለባቄላ የተፈቀደ አይደለም፤ ስለዚህ «ይህን ያህል ቀን ጠብቀህ ብላ» የሚል ልክ የለውም። ነቅላችሁ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት፤ ለበግም ለፍግም አይሁን። ወደ ቤቱ የተጠጋው፣ ቀጥ ብሎ የቆመውና ቅጠሉ ጤነኛ የሆነው በስሎ ሲደርቅ ይበላል። ለከርሞ ዘር ግን ከዚያ ግቢ አላስቀምጥም።