የታችኛ ክፍል መምህራን የጋራ ሰዓት ከየት ይመጣል? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ከባልደረቦቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚሠሩበት ሰዓት እንዴት ይገኛል? ደግሞስ ሲገኝ ምን ይሠራበታል? የክፍለ ጊዜ ድልድል ከመውጣቱ በፊት መልሱ እንዲደርስ ብለን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራን ልማት ባለሙያ ነኝ። 24 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ5 ጉድኝት ማዕከላት፣ ማለትም አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡባቸው ማዕከል ትምህርት ቤቶች፣ ሥር አሉን። አምና የታችኛ ክፍል መምህራንን በየወሩ በጉድኝት እናገናኛለን ብለን አቅደን ነበር፤ ከኅዳር በኋላ ግን ቀረ። ዘንድሮ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከካላንደሩ ይጀምሩ፤ እሱንም በነሐሴ ይጨርሱት። እንዲህ ያለ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው መስከረም ከተጋመሰ በኋላ፣ ትምህርት ቤቶች ድልድላቸውን ከለጠፉ ወዲያ ነው። ያኔ የሚተርፈው ማንም የማይፈልገው ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ መምህራኑም ደክሟቸው ይመጣሉ፣ ቀስ በቀስም ይቀራሉ። ጥፋቱን በመምህራኑ ፍላጎት ማነስ ላይ ከማሳበብዎ በፊት ዕቅዱ የወጣበትን ቀን ይመልከቱ።

ተጨማሪ ሰዓት መለመን አያስፈልግም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (በአጭሩ ተሙማ) እንዲሳተፍ ይጠይቃል። የእርስዎ ሥራ ያንን 60 ሰዓት ቀን ሰጥቶ መደልደል ነው። የምንመክረው ድልድል ይህ ነው፦ በትምህርት ቤት ውስጥ በየ15 ቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በዓመት 18 ጊዜ፣ ይህ 27 ሰዓት ይሆናል። በጉድኝት ማዕከል 5 ጊዜ፣ በያንዳንዱ 3 ሰዓት፣ 15 ሰዓት። የቀረው 18 ሰዓት የባልደረባን ክፍል ገብቶ ለማየት፣ ለንባብና መርጃ መሣሪያ ለማዘጋጀት ይዋል። በየወሩ ጉድኝት ላይ መገናኘት በወረቀት ላይ ያምራል፤ ከሳተላይት ትምህርት ቤት፣ ማለትም በማዕከሉ ሥር ካለ ሌላ ትምህርት ቤት፣ በእግሩ ለሚመጣ መምህር ግን አይዘልቅም። አምስት ጊዜ ታቅዶ አምስቱም ቢከናወን ዐሥር ጊዜ ታቅዶ ሦስት ጊዜ ከተከናወነው በብዙ ይሻላል።

ቀኖቹን ሲመርጡ መጀመሪያ የማይሆኑትን ይሰርዙ። በየቀበሌው የገበያ ቀን የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ በዚያ ቀን ተማሪም ይሳሳል፣ መምህርም ጉዳይ ይኖረዋል። በአካባቢው ሥራ የሚያስፈቱትን ወርኃዊ በዓላት፣ ማለትም 12ን፣ 21ን፣ 27ን የመሳሰሉትን ያውጡ። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም የአምናውን ካላንደር ገልብጦ መጠቀም አይሠራም። የፈተና ሳምንታትን ይዝለሉ፤ ሰኔንም ከነጭራሹ ይተዉት፤ ፈተናውም አለ፣ ዝናቡም ወንዙን ይሞላዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጉድኝቱ የሚመቹት ጥቅምት አጋማሽ፣ ኅዳር መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ውጤት የታወቀበት ሳምንት፣ መጋቢት እና ግንቦት መጀመሪያ ናቸው። ውጤት የታወቀበትን ሳምንት በምንም አይለውጡት፤ መምህራን ይዘውት የሚመጡት እውነተኛ ማስረጃ ያለው ያኔ ነው።

በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ካሉዎት ትልቁ ዕድል እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይታይ ያልፋል። የ1ኛ ክፍል ሴክሽኖች በሙሉ በአንድ ፈረቃ ከተመደቡ መምህራኑ በሌላው ፈረቃ ሁሉም በአንድ ሰዓት ነፃ ናቸው። ግማሹ ሴክሽን ጧት፣ ግማሹ ከሰዓት ከሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ መግቢያና መውጫ በር ላይ ሰላምታ ተሰጣጥተው ይተላለፋሉ። ይኸው ነገር በትምህርት ቤቶች መካከልም አለ። አንዱ ትምህርት ቤት ፈረቃውን በየሳምንቱ፣ ሌላው በየወሰነ ትምህርቱ የሚቀያይር ከሆነ የጋራ ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ከጳጉሜን በፊት ለርእሳነ መምህራን በሚጽፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የአንድ ክፍል ደረጃ ሴክሽኖች በአንድ ፈረቃ ይሁኑ፤ በአንድ ጉድኝት ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ፈረቃ የሚቀያይሩበት ሳምንት አንድ ይሁን። ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም። ቦታውን ግን አስቀድመው ያስቡበት፤ በሁለተኛው ፈረቃ ክፍሎቹ ሁሉ ስለሚያዙ ቤተ መጻሕፍቱ ወይም ፔዳጎጂካል ማዕከሉ (የመርጃ መሣሪያ ክፍሉ) በስም መያዝ አለበት።

በመጨረሻ፣ ያልተመደበ ውሎ አበል ቃል አይግቡ። አንድ ጊዜ ቃል ተገብቶ ካልተከፈለ ቀጣዩ ስብሰባ ባዶ ወንበር ይሆናል። የተቻለው ሻይና የትራንስፖርት ወጪ ብቻ ከሆነ ያንኑ በግልጽ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ሙሉ ቀን ነው የሚያስተምረው። 1ኛ ክፍል 3 ሴክሽን፣ 2ኛ ክፍል 3 ሴክሽን አለን። ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረው አንድ መምህር ስለሆነ አንድም ክፍት ክፍለ ጊዜ የለውም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ማስቀመጥ ደግሞ ቅሬታ አመጣ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቅሬታው ተገቢ ነው። ከ50 በላይ ሕፃናት ይዞ የዋለ ሰው ከ10 ሰዓት በኋላ በጥሞና አይሠራም። ሰዓቱ ከድልድሉ ውስጥ መውጣት አለበት።

ሦስቱን የ1ኛ ክፍል መምህራን በአንድ ጊዜ ነፃ ለማድረግ በዚያው ሰዓት ሦስት ሰው ያስፈልግዎታል። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ አንድ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት መምህሯ ሁለት፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ወይም ምክትል ርእሰ መምህሩ ሦስት። ከዚያ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ይያዙ፤ 40 ደቂቃ ሲደመር 40 ደቂቃ። በመጀመሪያው 1ኛ ሀ ስፖርት፣ 1ኛ ለ ጥበባት፣ 1ኛ ሐ በቤተ መጻሕፍት ንባብ። በሁለተኛው ይዛወራሉ፦ ሀ ጥበባት፣ ለ ንባብ፣ ሐ ስፖርት። በሚቀጥለው ዙር መነሻቸውን ይቀይሩ፤ አለበለዚያ አንዱ ሴክሽን ዓመቱን ሙሉ ንባብ ሳያገኝ ይቀራል። ንባቡ ከሳምንቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለሚቆጠር ሥርዓተ ትምህርቱ አይጓደልም። 1ኛ ክፍል ማክሰኞ፣ 2ኛ ክፍል ሐሙስ ቢሆን፣ ያውም በየ15 ቀኑ፣ ሸክሙ የሚቻል ነው። 90 ደቂቃ እንዲሞላ ከዕረፍት ሰዓት ጋር ያጎራብቱት።

ይህ የሚሆነው ግን ድልድሉን ከታች ከጀመሩ ብቻ ነው። የተለመደው የላይኛ ክፍሎችን መጀመሪያ ደልድሎ ታችኛውን በቀረው መሙላት ነው። ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት የሚፈልገው የታችኛው ክፍል ሆኖ ሳለ መጨረሻ ከተቀመጠ በፍጹም አይገጥምም። እነዚህን አራት ክፍለ ጊዜዎች መጀመሪያ በቀይ ያስቀምጡ፤ የስፖርትና የጥበባት መምህራኑ በላይኛ ክፍል ያላቸው ሰዓት በዙሪያው ይግባ።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው፣ ከሦስቱ ተተኪዎች አንዱ ሲቀር ቀኑ በሙሉ መሰረዙ ነው፤ አራተኛ ተጠባባቂ በስም ይመድቡ። ሁለተኛው ሁለት ሴክሽን አቀላቅሎ ሜዳ ላይ ማውጣት ነው። ከመቶ በላይ የ1ኛ ክፍል ሕፃናትን አንድ ሰው ሊጠብቅ አይችልም፤ አንድ ልጅ ወድቆ የተጎዳ ዕለት የጋራ ሰዓቱም አብሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ2ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። እኛስ ሰዓቱ አለን፤ ነገር ግን ስብሰባው ማስታወቂያ ሲነበብ፣ የተሙማ ፖርትፎሊዮ ሲፈረም፣ አንዳንዴም ግምገማ ሲካሄድ ያልቃል። 90 ደቂቃውን ምን እንሥራበት?

መልስ፦ ማስታወቂያው ወረቀት ላይ ይለጠፍ። ግምገማውም ሌላ ቀን አለው፤ መምህር ያልተሳካለትን ነገር ጠረጴዛ ላይ የሚያወጣው ውጤት እንደማይሞላበት ሲያውቅ ብቻ ነው። ርእሰ መምህሩ ቢገኝ እንኳ እንደ ተሳታፊ ደብተር ያገላብጥ እንጂ አይሰብስብ።

እያንዳንዱ መምህር ዘጠኝ ደብተር ይዞ ይምጣ፦ ሦስት ከጎበዞቹ፣ ሦስት ከመካከለኞቹ፣ ሦስት ከሚቸገሩት። የጎበዞቹን ብቻ ይዞ መምጣት የተለመደ ነው፤ ከሱም የሚገኝ ትምህርት ትንሽ ነው። ከስብሰባው በፊት ሁላችሁም ለልጆቹ አንድ ዓይነት 10 ቃል የቃል ጽሕፈት ስጡ፤ ለምሳሌ ቡና፣ ቢላ፣ ቤት፣ ሙዝ፣ ሚዛን የመሳሰሉትን። ከዚያ 90 ደቂቃው እንዲህ ይከፈል፦ 10 ደቂቃ ባለፈው የተስማማችሁበት ምን እንዳስገኘ፣ 35 ደቂቃ ደብተር ማየት፣ 30 ደቂቃ አንድ ትምህርት በጋራ ማዘጋጀት፣ 15 ደቂቃ መጻፍ።

ደብተሮቹን ስታዩ "ደካማ ነው" ወይም "ቤተሰቡ አይከታተለውም" የሚባል ነገር አይነሣ፤ ስሕተቱን ብቻ ቁጠሩ። "ቡና" ተብሎ "ቢና" የጻፉ ስንት ናቸው? "ሙዝ" ተብሎ "ሚዝ" የጻፉስ? በሦስቱም ክፍል ይህ ከተደጋገመ ልጆቹ ካዕብንና ሣልስን (እንደ ቡ ያለውን ሁለተኛና እንደ ቢ ያለውን ሦስተኛ የፊደል ቅርጽ) አልለዩም ማለት ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቅጥያዋ በቡ ላይ መሐል፣ በቢ ላይ እግር ሥር መሆኗን ማንም ለይቶ አላሳያቸውም፤ ፊደሉን በዜማ ብቻ ነው የያዙት። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ገበታው ላይ በመካከል ቤን ጠቁማችሁ ልጁን ጠይቁት። ከ"በ" ተነሥቶ "በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ" እያለ ከደረሰበት ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቅም።

ከዚያ የጋራው ትምህርት ይዘጋጅ፦ ቡ/ቢ፣ ሙ/ሚ፣ ሱ/ሲ፣ ቱ/ቲ ጥንድ ጥንድ ሆነው በካርቶን ይጻፉ፣ ይበወዙ፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሠራባቸው። ሩ እና ፉ ቅርጻቸው ከሌሎቹ ካዕቦች ስለሚለይ ለብቻቸው ይቆዩ፤ ከነዚህ ጋር ሲቀላቀሉ ልጁ አሁን የያዘውን ደንብ ያፈርሱበታል። ከ15 ቀን በኋላ በየክፍሉ ለሚቸገሩት ሦስት ልጆች ያንኑ ቃል መልሳችሁ ስጡ። ቀጣዩ ስብሰባ የሚከፈተው በዚያ ውጤት ነው። የሚጻፈውም ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ምን ስሕተት አየን፣ ምን ልናደርግ ተስማማን፣ መቼ እናያለን። ያው ገጽ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ይገባል።

የጉድኝቱ ስብሰባ ላይ ደግሞ በትምህርት ቤት ደረጃ የማይፈታ አንድ ነገር አለ፤ እሱም አስተራረም ነው። "ንጉሥ"ን "ንጉስ" ብሎ የጻፈ የ2ኛ ክፍል ልጅ በአንዱ ትምህርት ቤት ተሳስቷል ይባላል፣ በሌላው ትክክል ይያዝለታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ አ፣ ዐ ላይ ስምምነት ከሌለ የሁለት ትምህርት ቤቶችን ውጤት ማወዳደር አይቻልም። በእኛ አስተያየት በታችኛ ክፍል ሞክሼ ፊደል እንደ ስሕተት ባይቆጠር ይሻላል፤ ልጁ ድምፁን በትክክል ሰምቶ ጽፏልና። ጉድኝቱ ሌላ ቢወስንም ውሳኔው አንድ ይሁን፤ በጥቅምቱ ስብሰባ ይለቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ 1ኛ ክፍል ነች። "መምህራን ስብሰባ አላቸው" ተብሎ ከ4 ሰዓት በኋላ ወደ ቤት ትላካለች። ይህ ተገቢ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከመማር ሰዓቷ መጉደሉ አንድ ጉዳት ነው፤ ሌላው መንገዱ ነው። የገጠርም የከተማም ታናናሽ ልጆች ብዙዎቹ የሚመላለሱት ከታላላቆቻቸው ጋር ነው፤ የታችኛው ክፍል ብቻ ቀድሞ ሲለቀቅ ታላቋ ክፍል ውስጥ ትቀራለች፣ ታናሿ ለብቻዋ መንገድ ትጀምራለች። ከላይ እንዳመለከትነው በፈረቃም ሆነ በሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ልጆችን ሳይለቅቁ ሰዓቱን ማግኘት ይቻላል። ለጉድኝት ቀን የግድ መለቀቅ ካለባቸው ቀኑ ከሁለት ሳምንት በፊት ለወላጆች ይነገር፣ ማካካሻውም አብሮ ይገለጽ። ጥያቄዎን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ለትምህርት ቤቱ ያቅርቡ፤ የዓመቱን የስብሰባ ቀናት ዝርዝር በመስከረም እንዲለጥፉም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በሳተላይት ትምህርት ቤት 1ኛ እና 2ኛ ክፍልን አጣምሬ የማስተምር ብቸኛ መምህር ነኝ። ጉድኝት ማዕከሉ በእግር ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከማን ጋር ልተባበር?

መልስ፦ አጠገብዎ ያለችውን የቅድመ አንደኛ፣ የኦ ክፍል መምህርት አይዝለሏት። የዘንድሮ ልጆቿ የከርሞ ተማሪዎችዎ ናቸው፤ የትኛውን ፊደልና ቁጥር ይዘው እንደሚመጡ፣ እርሳስ አያያዛቸው እንዴት እንደሆነ ከሷ የሚያገኙት መረጃ ከየትም አይገኝም። በየ15 ቀኑ አንድ ሰዓት ለዚህ ይበቃል።

ለክፍል ደረጃው ደግሞ ከሁሉም ጋር ለመገናኘት አይድከሙ። በቅርብ ካለው ትምህርት ቤት አንድ ሰው ይምረጡ፤ በተለይ እንደርስዎ ክፍል አጣምሮ የሚያስተምር ከተገኘ። ኔትወርክ ባለበት ቦታ የሦስት ልጆችን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ተላላኩ፤ የልጁን ስም በወረቀት ሸፍኑ። ከዚያ 20 ደቂቃ በስልክ ስለዚያው ጽሑፍ ብቻ ተነጋገሩ። ፎቶው ቀድሞ ካልተላከ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ወደ ጉድኝቱ አምስት ጊዜ መሄድ ከባድ ከሆነ በሦስት ይወስኑ፦ ጥቅምት፣ የወሰነ ትምህርት ውጤቱ ሳምንት እና መጋቢት። በነዚያ ቀናት ክፍልዎን ማን እንደሚይዝ ከርእሰ መምህሩ ጋር በመስከረም ይነጋገሩና በጽሑፍ ይያዙ። ከሁለቱ የቀሩ ስብሰባዎች በአንዱ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ወደ እርስዎ እንዲመጡ ይጠይቁ። ሲመጡ ቅጽ ሞልተው እንዳይመለሱ፣ አንደኛውን ክፍል 40 ደቂቃ ይያዙልዎ፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት የሚቸገሩትን አምስት ልጆች አንድ በአንድ አስነብበው ውጤቱን አብራችሁ ተመልከቱት።