የሚሞቁ የጅማ ክፍሎች፦ ጋሽ ታደሰን ጠይቁ

ጋሽ ታደሰ፦ እዚሁ ጅማ ትምህርት ቤት ስሠራና ስጠግን ነው ያረጀሁት። በጋው እየከረረ ስለሆነ ጠይቁኝ። ግን ጣሪያው ምን እንደሆነና ኮርኒስ እንዳለው አስቀድማችሁ ንገሩኝ።

መምህርት ሰዓዳ፦ ጋሼ፣ የከሰዓት ፈረቃ ነኝ። የካቲትና መጋቢት ልጆቹ ዴስክ ላይ ድፍት ይላሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። የጭቃውን ግድግዳ በብሎኬት ለመቀየር ብር እያዋጣን ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ብሩን ያዙት! ጭቃው ምን በደላችሁ? ወፍራም ጭቃ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። መጋቢት መጨረሻ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ ጅማ አናት ላይ ናት። የምትመታው ጣሪያውን ነው። እስቲ ዴስክ ላይ ወጥተሽ መዳፍሽን ወደ ቆርቆሮው አስጠጊ። ሳትነኪው ይለበልብሻል። መጀመሪያ ኮርኒስ አስገቡ። ችፑድ ከተወደደ አቡጀዴም ይሆናል። ግን መተንፈሻ ይኑረው! ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ጫፍ ክፍተት ተዉ፣ በወንፊት ሽቦ ጋርዱት። አለዚያ የሌሊት ወፍ ይሰፍርበታል። ከዚያ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀቡት። የዛገ ቆርቆሮ ፀሐይ ይስባል።

ተማም፦ ኖራ ይሆናል?

ጋሽ ታደሰ፦ ይሆናል፣ ክረምት ስለሚያጥበው በየዓመቱ ነው። የጣሪያ ውሃ የምታጠራቅሙ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፉት።

ዳዊት፦ ኤሲስ?

ጋሽ ታደሰ፦ መብራት ሲጠፋስ? ቀጥሎ።

ቶሎሳ፦ የኛ ትምህርት ቤት በጣም ይሞቃል፣ ምን ይሻላል?

ጋሽ ታደሰ፦ ከላይ ምን ብዬ ነበር?

መሠረት፦ ግቢውን በባህር ዛፍ ብንከበውስ? ቶሎ ይደርሳል።

ከድር፦ ኧረ ተይ እህቴ! ከሥሩ ሣር እንኳ አይበቅልም። ቡናችንን በሰሳና በዋንዛ ጥላ እያሳደግን ልጆቹን ባህር ዛፍ ሥር?

መሠረት፦ ሰሳው እስኪደርስ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ባህር ዛፍ ደግሞ ተሽጦ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ይሆናል።

ከድር፦ ገቢ ነው ወይስ ጥላ የፈለግሽው?

ጋሽ ታደሰ፦ ክርክሩን ለብቻችሁ። ቅርንጫፉ ቆርቆሮው ላይ እንዳይወድቅ አርቃችሁ፣ በምዕራብ በኩል ትከሉ። ዛፍ እስኪያድግ ግን ኮርኒሱ አይጠብቅም።

ሄለን፦ እ.ኤ.አ. በ2025 የካቲት ደቡብ ሱዳን በሙቀት የተነሳ ትምህርት ቤቶቿን ለሁለት ሳምንት ዘግታ ነበር። እኛስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ጁባና ጅማ ምን አገናኛቸው? እኛ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ ሌሊታችን ቀዝቃዛ ነው። ጥበቃው ገና ሲነጋ በሁለቱም በኩል መስኮት ይክፈት፣ ሌሊቱን የታፈነው አየር ይውጣ። መስኮቱ የማይከፈት መስታወት ከሆነ ግማሹን አስቀይሩ።

ሄለን፦ ልጅ ራሱን ቢስትስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ሐኪም አይደለሁም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙት፣ ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ።

ተማም፦ ጋሼ፣ ለኮርኒስ የማዳበሪያ ከረጢት ብንወጥርስ? ርካሽ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ በፍጹም! ፕላስቲክ ነው። የመብራት ገመዱ እሳት ቢያስነሳ እየቀለጠ ልጆቹ ላይ ይንጠባጠባል። አቡጀዴውንም ከገመድና ከአምፖል አርቁት። መተንፈሻውንም አትርሱ።