አንደኛ ክፍልን ስጡን በሉ፦ በወሎ ገጠር ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን

ከመምህራን ኮሌጅ ወጥታችሁ ለጋምቦ፣ ደላንታ፣ መቄት ወይም ወረባቦ የተመደባችሁ ልጆቼ፣ የምድባ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ፊታችሁ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ስለ መንገዱና ስለ ብርዱ አላወራችሁም፤ ደመወዙንማ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ በወሎ ነው፤ መጀመሪያ በማስተማር፣ ኋላም በርዕሰ መምህርነትና በጉድኝት ሱፐርቫይዘርነት፣ ማለትም የተጎራበቱ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ በመደገፍና በመከታተል። ከዚያ ሁሉ ዓመት የያዝኩት አንድ ነገር ቢኖር የገጠር ተማሪ የሚወድቀው 12ኛ ክፍል ላይ ሳይሆን አንደኛ ክፍል ላይ መሆኑን ነው።

በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ውጤቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገሩ ጉድ አለ፤ ነቀፋው ሁሉ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ላይ ወረደ። እኔን የገረመኝ ግን የሰዉ መገረም ነው። በ2002 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች የእነዚህ ተፈታኞች የሁለት ዓመት ታላላቆች ናቸው። ወሬው ቀድሞ ደርሶን ነበር ማለት ነው።

ሱፐርቫይዘር ሳለሁ የ4ኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ገብቼ ከኋላ እቀመጥ ነበር። መምህሩ አንዱን ያስነሳል፤ ልጁ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ይዞ ገጹን ያለ አንዳች ስህተት ይወጣዋል። ይጨበጨብለታል። በእረፍት ሰዓት ያንኑ ልጅ ጠርቼ፣ ያንኑ ገጽ ገልጬ፣ መካከል ካለች አንዲት ቃል ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ። «ይቺ ምን ትላለች?» ዝም። ዓይኑ ወደ ገጹ አናት ይሄዳል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ በሹክሹክታ እየወረደ ይመጣና ጣቴ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አንዳንዴ ቃሏን ያገኛታል፤ አንዳንዴ አንዲት ቃል አልፏት ይሄዳል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ገጹን በሙሉ በቃሉ የያዘ ጭንቅላት እንዴት ሰነፍ ይባላል? ፊደል ያስለየው ሰው ስላጣ ነው።

የኔታ ይህን ዘዴ ድሮ ነቅተውበታል። ሀ ሁ ሂ ብሎ የወረደ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን ላይዝ እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው አቡጊዳ ላይ የሚያቆሙት፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ሲፈርስ ዜማው አያድንም። ከዚያ በፊት መልእክተ ዮሐንስ አይከፈትም፣ ዳዊትም አይታሰብም። በቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ለውሁ፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ የተጻፈውን ሳያደርስ ታጥቦ ሌላ አይጻፍለትም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም፣ የዳናንና የጀማ ንጉሥን የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ያፈራ አገር ልጆች ናችሁና ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። በትሩና ልመናው ይቅር፤ ሳያውቅ አለማሳለፋቸው ግን ይወረስ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ለምን ይህን አጣ? እውነቱን ለመናገር የ1986ቱ ፖሊሲ የገበሬውን ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቷል፤ እስከ 10ኛ ክፍልም ነፃ አድርጎለታል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ልጁ ከመጽሐፉና ከመምህሩ ቀድሞ መጣ። በዳስ ስድሳ ሰባ ልጅ ይዞ ማስተማር የተለመደ ሆነ፤ ከታች ክፍሎች መድገም ቀረ፤ አንዱ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይሸፍን ተባለ። በላዩ ላይ በ2014 ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ ከዚያም ወዲህ በጸጥታ ችግር ተዘግተው የከረሙ አሉ። ዛሬ 4ኛ ክፍል የምታገኙት ልጅ በዕድሜው አራተኛ፣ በተማረው ቀን ግን ሁለተኛ ሊሆን ይችላል።

አብሽሩ፣ መነሻው ከባድ አይደለም። ክፍል በገባችሁ ሳምንት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አንድ ደቂቃ አስነብቡ። ስድሳ ልጅ ቢሆን አንድ ሰዓት ነው። ገጹን ራሳችሁ ምረጡ፤ መካከል ላይ አስጀምሩት፤ ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑ። የሚያነበውን፣ እየተንገዳገደ የሚያነበውንና ፊደል ያልለየውን በሦስት ለይታችሁ በአንድ ደብተር መዝግቡ። ሦስተኛዎቹን ከኋላ ወንበር አንስታችሁ ፊት አስቀምጡ፤ በየቀኑ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ሃያ ደቂቃ ስጧቸው። ካዕብና ሳልስ (እንደ ሉ እና ሊ) በአብዛኛው ምልክታቸው ወጥ ነውና ቶሎ ይይዟቸዋል። የሚሰናከሉት ሳድስና ሳብዕ (እንደ ል እና ሎ) ላይ ነው፤ እዚያ ምልክቱ እንደየፊደሉ ይለያያል፤ «ል»ን የለየ «ም»ን ላይለይ ይችላል። እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

የገበያ ቀን ክፍሉ ይሳሳል። የበልግ አገር ከሆነ በጥርና በየካቲት ዘር ወቅትም እንዲሁ ነው። ቀሪ ምልክት አድርጋችሁ ወደ አዲስ ምዕራፍ አትሻገሩ፤ ያን ቀን ለመጡት ንባብ አድምጡ። የቀረው ሲመለስ የባሰ ወደ ኋላ አይቀርባችሁም።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። በየትምህርት ቤቱ የድልድል ስብሰባ ላይ ጎበዙ መምህር 8ኛ ክፍል ይመደባል፤ ክልላዊ ፈተና አለበትና ወረዳው የሚያየው እሱን ነው። አንደኛ ክፍል ለአዲሱ፣ ለታመመው ወይም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ለተኳረፈው ይሰጣል። ይህ በዓይኔ ያየሁት፣ ከበጀት ማጣትም የባሰ ጉዳት ነው። እናንተ አንደኛ ክፍልን ለምናችሁ ውሰዱ። ባልደረቦቻችሁ ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ። አንደኛ ክፍል ማስተማር ከሂሳብ 8 ይከብዳል። ዓመት ጨርሳችሁ ልጆቹ ሲያነቡ ደግሞ «ተከትለናቸው ሁለተኛ እንለፍ» በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይታሰብ ይመጣባችኋል። ሰኔ ላይ ሮስተር፣ ማለትም የዓመቱ የውጤት መዝገብ፣ ሲሠራ «የወደቀ አይብዛ፣ ሪፖርታችን ይበላሻል» የሚል ሰው አይጠፋም። አትጣሉት። ያን ደብተር አውጡና የማያነቡትን ስማቸውን እየጠራችሁ አሳዩት፤ ከዚያ ለክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት ፈቃድ ጠይቁ። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ፊትም አንብቡት። ሽማግሌዎቹ ስለ ተከታታይ ምዘና ብትነግሯቸው ያንቀላፋሉ፤ «የእገሌ ልጅ አራተኛ ክፍል ሆኖ ስሙን አይጽፍም» ብትሉ ግን ስብሰባው ይነቃል። ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ ለቀለም ቅብ የታሰበው ብር ወደ ማንበቢያ መጽሐፍ ሲዞር ያየሁት እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ሳውዲ የሚያስቡ ይኖራሉ፤ ወሎ ነውና ይህንንም ታውቁታላችሁ። በስብከት የምታስቀሩት ልጅ ብዙ አይደለም። ብትሄድም እንኳ ደላላው የሚያቀርብላትን ወረቀት አንብባ የምትፈርም ልጅና በጣቷ የምትፈርም ልጅ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ ደግሞ እናንተ ክፍል ውስጥ ነው የተሠራው።

ዝውውር ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፤ ትዳርም ትምህርትም አለባችሁ። ስትሄዱ ግን የስም ደብተሩን ይዛችሁ አትሂዱ። ለሚተካችሁ መምህር በእጁ ስጡት፤ ተተኪ ካልመጣ ለርዕሰ መምህሩ አስፈርማችሁ አስረክቡ፤ ማን «ም» ላይ እንደቆመ፣ ማን «ቆ» ላይ እንደደረሰ ይጻፍበት።