አልሠራ ያለ ጌም፦ መጀመሪያ ገንዘቡ፣ ከዚያ ላፕቶፑ

ሰላም ወንድሜ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄህን ላሳጥረው። አሜሪካ ያለው የአጎትህ ልጅ ከ9 ቀን በፊት በስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫ መደብር) ጌም ገዝቶ በጊፍት ላከልህ። 90 ጂቢ ስለሆነ ለማውረድ 5 ቀን ፈጀ። ላፕቶፕህ ኮር አይ5፣ 8 ጂቢ ራም፣ ሃርድ ዲስክና ኤንቪዲያ ካርድ አለው። ጌሙ ይከፈታል፣ ይንቀራፈፋል፣ ሃንግ ያደርጋል፣ ትንሽ ቆይቶም ራሱን ይዘጋል። ላይብረሪህ ላይ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ እንደተጫወትክ ይታያል። የጠየቅከው ‹‹ላስተካክለው ወይስ ገንዘቡን ላስመልስ?›› ነው።

ጌሙን ከእንግዲህ አትክፈተው። ዛሬውኑ ሪፈንድ (የገንዘብ ተመላሽ) ጠይቅ፤ ላፕቶፑ ነገም ይመረመራል።

የስቲም የሪፈንድ ደንብ ከጁን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሁለት መስፈርት አለው፦ ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈው፣ ከ2 ሰዓት በታች የተከፈተ። ሁለቱም አብረው መሟላት አለባቸው። ከተሟሉ ጌሙ መበላሸቱን እንድታረጋግጥ አይጠበቅብህም፤ አልወደድኩትም ብትልም ይመለስልሃል። 2 ሰዓቱ ካለፈ ግን ያው ጥያቄ በሰው ፈቃድ ላይ ይወድቃል። አንተ የቀረህ 20 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሙከራ ይጨርሰዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ምን እንደሚቆጥር ባለማወቅ ነው። ስቲም የሚቆጥረው የጌሙ ፕሮግራም ክፍት የሆነበትን ጊዜ ሁሉ ነው፤ መጫወትህን አያይም። ጌሙ የራሱ ላውንቸር (ከጌሙ በፊት የሚከፈት ማስጀመሪያ ፕሮግራም) ካለው፣ ላውንቸሩ ላይ ፓስወርድ ስትፈልግ የቆየህበትም ይቆጠራል። አዳዲስ ጌሞች መጀመሪያ ሲከፈቱ ሼደር የሚባለውን የግራፊክስ ኮድ ለካርድህ እንዲስማማ ያዘጋጃሉ፤ ደካማ ፕሮሰሰር ላይ ይህ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ እሱም ይቆጠራል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ክራሽ ያደረገ (በድንገት የተዘጋ) ጌም ከስክሪን ጠፍቶ ከጀርባ መሥራቱን ሲቀጥል ነው። ስቲም ላይ ‹ፕሌይ› በሚለው ቦታ ‹ስቶፕ› የሚል ካየህ አልተዘጋም ማለት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነህ ታስክ ማኔጀርን ክፈት፣ የጌሙን ስም ምረጥና ‹ኤንድ ታስክ› በል። ይህን አሁኑኑ አረጋግጥ፤ ምናልባት ይህን እያነበብክ እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 14ቱ ቀን የሚጀምረው ከተገዛበት ጊዜ ነው፤ ማውረድህን እስክትጨርስ አይጠብቅህም። 90 ጂቢ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ያለማቋረጥ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ ለወደፊቱ ትልቅ ጌም የምትገዛው ለማውረድ ስትዘጋጅ ይሁን። ቅናሽ አለ ብሎ ገዝቶ ለወር ማስቀመጥ የሪፈንዱን ዕድል ሳይጠቀሙበት ማቃጠል ነው።

አጠያየቁ ይኸውልህ። በብሮውዘር ሄልፕ ዶት ስቲምፓወርድ ዶት ኮም ላይ በራስህ አካውንት ግባ። ‹ፐርቼስስ› የሚለውን ንካ፣ ከዝርዝሩ ጌሙን ምረጥ። ችግሩ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ዝርዝር ይመጣል። እዚህ ላይ ‹አይሠራም› የሚለውን የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቴክኒክ ምክር ገጽ ይወሰድና መንገዱን ይስታል፤ ‹ሪፈንድ› የሚል ቃል ያለበትን መስመር ምረጥ፣ በሚቀጥለው ገጽም ሪፈንድ መጠየቅ የሚለውን ድገም። ምክንያቱን ከዝርዝሩ ሞልተህ፣ ማስታወሻ ጽፈህ ላክ። መድረሱን የሚገልጽ ኢሜይል ይመጣልሃል፤ ካልመጣ ጥያቄው አልተላከም።

ማስታወሻውን በአራት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ጻፈው፦ ኮምፒውተርህ ምን እንደሆነ፣ ጌሙ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚዘጋና ምን መልእክት እንደሚያወጣ፣ ምን ሞክረህ እንዳልሆነ፣ ከተቆጠረው ሰዓት ስንቱ ክራሽና መጠበቅ እንደነበር። ቁጣ አትጻፍ። አሁን በመስፈርቱ ውስጥ ስለሆንክ ማስታወሻው ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ያለፈበት ሰው ግን ያለው ብቸኛ መከራከሪያ እሱ ነው።

ጊፍት መሆኑ አንድ ነገር ይቀይራል። ጊፍቱን ስለተቀበልከው ጥያቄውን ማቅረብ ያለብህ አንተው ነህ፤ ገንዘቡ ግን የሚመለሰው ለከፈለው ሰው ነው፣ አንተ ዋሌት (ስቲም ላይ ያለህ የገንዘብ ቋት) አይገባም። ስለዚህ ለአጎትህ ልጅ አስቀድመህ ንገረው፤ ካርዱ ላይ ሳይታሰብ ገንዘብ ሲገባ ግራ እንዳይገባው። ከጸደቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገባል፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ባንክ ከሆነ ሊዘገይ ይችላል። ዘመድ የስቲም ዋሌት ካርድ ልኮላቸው በዚያ የገዙ ሰዎች ግን ገንዘቡ ወደ ራሳቸው ዋሌት ይመለሳል፤ በጥሬው አያወጡትም፣ ሌላ ጌም ይገዙበታል። እኛ አገር ላለ ሰው የዋሌቱ መንገድ የሚሻለው ለዚህ ነው፦ ጌሙ እንቢ ቢል ዘመድን ድጋሚ ማስቸገር የለም። ከሌላ ድረ ገጽ የጌሙን መክፈቻ ኮድ ብቻ የገዛ ሰው ስቲምን አይጠይቅ፤ መጠየቅ ያለበት የሸጠለትን ነው።

ሪፈንዱ ሲጸድቅ ጌሙ ከላይብረሪህ ይጠፋል። 5 ቀን ያወረድከውን ግን አትጣለው። ስቲም በተጫነበት ቦታ ‹ስቲምአፕስ› በሚለው ፎልደር ውስጥ ‹ኮመን› የሚል አለ፤ የጌሙን ፎልደር ከዚያ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርገው። ላፕቶፑን አሻሽለህ ጌሙን መልሰህ ብትገዛው ፎልደሩን እዚያው ቦታ መልሰህ ‹ኢንስቶል› ስትል፣ ስቲም ያለውን ፋይል አይቶ የጎደለውንና የተቀየረውን ብቻ ያወርዳል። መልሶ መግዛት ነውር አይደለም፤ ቅናሽ ሊመጣ ሲል የገዙትን አስመልሶ በቅናሹ መግዛትን እንኳ የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ በግልጽ ፈቅዷል። የማይወደደው ሪፈንድን ጌም በነጻ መቅመሻ ማድረግ ነው፤ ያንን የሚያበዛን ሰው ሊከለክሉት ይችላሉ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ምርመራውን በነጻ ዴሞ ወይም በሌላ ከባድ ነጻ ጌም አድርገው፤ የገንዘብ ሰዓት አይቆጠርብህም። መጀመሪያ ቻርጀሩን ሰካ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ መጫወት ተለምዷል፤ ላፕቶፕ ግን በባትሪ ሲሆን የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ጉልበት በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ‹ፐርፎርማንስ› የሚለውን ክፈትና ጌሙ እየሄደ ተመልከት። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው፤ ብዙ አዳዲስ ጌሞች ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) የሚጠይቁት ዕቃውን ከዲስክ እየሳቡ ስለሚሄዱ ነው። ራሙ ሞልቶ ዲስኩም አብሮ ከጮኸ፣ ዊንዶውስ የራሙን ትርፍ ወደ ዲስክ እያገላበጠ ነው፤ 8 ጂቢ ላይ ይህ የታወቀ ነው። የጌሙ ገጽ ዝቅተኛው መስፈርት ላይ 16 ጂቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ምንም ሴቲንግ አያድነውም። ሁለት ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) ተዘርዝረው የኢንቴሉ ሲሠራ የኤንቪዲያው ዜሮ ላይ ከተኛ፣ ጌሙ የተነሣው በተሳሳተው ካርድ ነው፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብለህ ጌሙን ምረጥና ‹ሃይ ፐርፎርማንስ› አድርገው። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ማስተካከያ ነው፤ አንተ ላይም የምጠረጥረው ከራሙ ቀጥሎ ይህንን ነው።

በድንገት ለሚዘጋው የዊንዶውስን የስህተት መዝገብ ማሳያ ‹ኢቨንት ቪወር›ን ክፈት፣ ‹ዊንዶውስ ሎግስ›፣ ከዚያ ‹አፕሊኬሽን›። ክራሽ ባደረገበት ሰዓት ቀይ ምልክት ያለበት መዝገብ አለ፤ የጌሙ መዝገብ አሁንም እዚያ ስላለ ጌሙን ሳትከፍት ታገኘዋለህ። የስህተት ኮዱ መጨረሻ 7ቢ ከሆነ ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ፋይሎች ተደባልቀዋል፤ የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስን ሁለቱንም ዓይነት እንደገና መጫን ነው። መጨረሻው 1ዲ ከሆነ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ደርሶታል፤ ብዙ ጊዜ ኤቪኤክስ የሚባሉት የትእዛዝ ዓይነቶች የሌሉት አሮጌ ፕሮሰሰር ነው፣ መፍትሔ የለውም፣ ሪፈንድ ብቻ። 05 የሚል ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ነው፦ የተበላሸ ፋይል፣ አሮጌ ድራይቨር፣ የታመመ ራም። ፋይሉን ለመፈተሽ ጌሙን መክፈት አያስፈልግም፤ ላይብረሪ ላይ በቀኝ ማውስ ‹ፕሮፐርቲስ›፣ ‹ኢንስቶልድ ፋይልስ›፣ ‹ቬሪፋይ›።

ዴስክቶፕ ያላችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ላይ ጌም ሲዘጋ ‹የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል› የሚል መልእክት ይወጣ ነበር፤ ሰው ካርዱን ሲወቅስ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሆኖ ተገኘ። ኢንቴል በኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. የማስተካከያ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ኮድ) አውጥቶ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው የሚገባበትን ባዮስ (የማዘርቦርዱን ማስነሻ ሶፍትዌር) ሳታድሱ ጌሙን አትውቀሱ።

2 ሰዓቱ ያለፈባችሁም ጠይቁ። ቫልቭ ከመስፈርቱ ውጭ ያለውንም አያለሁ ይላል፤ ጌሙ ራሱ የተበላሸ መሆኑ በሰፊው ሲታወቅ ደግሞ ዕድሉ ይሰፋል። ‹ባትማን፦ አርክሃም ናይት› በጁን 2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ እጅግ ከመበላሸቱ የተነሣ በቀናት ውስጥ ሽያጩ ቆመ፤ በኦክቶበር ሲመለስም እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተጫወቱት ሰዓት ሳይታይ ገንዘብ ይመለስ ነበር። በዲሴምበር 2020 ሶኒ ‹ሳይበርፐንክ 2077›ን ከፕሌይስቴሽን መደብር አውርዶ ለገዢዎች ሙሉ ገንዘብ መልሷል። እንግሊዝ የምትኖሩ ደግሞ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ዲጂታል ዕቃንም ይሸፍናል፦ የተበላሸው እንዲጠገን፣ ካልተጠገነ ዋጋው እስከ ሙሉው እንዲቀነስ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሌሎቹን መደብሮች ባጭሩ፦ ኤፒክም 14 ቀንና 2 ሰዓት ነው። ጂኦጂ ግን ተጫውታችሁትም ቢሆን 30 ቀን ይሰጣል፤ አሮጌ ማሽን ላለው ሰው፣ ጌሙ ሁለቱም ጋ ካለ፣ ከዚያ መግዛት ይሻላል። ፕሌይስቴሽን ላይ ማውረድ ከጀመራችሁ፣ ጌሙ ጉድለት ከሌለበት በቀር፣ መብታችሁ ያበቃል።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ለአጎትህ ልጅ ነው። መልሱ ዘገየ ብሎ ለባንኩ ደውሎ ክፍያውን እንዳያስቆመው። ስቲም እንዲህ ያለውን ክፍያ እንደ ክርክር አይቶ ጉዳዩ እስኪፈታ የእሱን አካውንት ያግዳል፤ ጥያቄህ ውድቅ ቢሆን እንኳ ማስታወሻውን አስተካክለህ በዚያው ገጽ እንደገና ላክ እንጂ ወደ ባንክ አትሂዱ።