ከሚኒሶታ ሆናችሁ ደሴ ላይ አትፍረዱ

ይህን የምጽፈው ወደ አሜሪካ አዲስ ለመጣችሁት ብቻ አይደለም። ዘመን ኖራችሁ ዛሬም በስልክ ለምትፈርዱትም ጭምር ነው። የደሴ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ሰሞኑን እናቴን ልጠይቅ አገር ቤት መጥቼ፣ ውጭ ሆነን ገና ባልተፈረደበት ሰው ላይ በስልክ የምንሰጠው ፍርድ ያመጣውን ጣጣ ማየቴ ስላንገበገበኝ በግልጽ ልናገር። መጀመሪያ እዚያ አሜሪካ ፍርድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ከዚያ እዚህ ስለምናደርገው።

1. የጁሪ (ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ችሎት ላይ «ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም» የሚሉ ዜጎች) ጥሪ በፖስታ ሲደርሳችሁ አትጣሉት።

ስማችሁ ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ስለሚወጣ ዜጋ ላልሆነም ይመጣል። ዜጋ ካልሆናችሁ «አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ፣ ፈርማችሁ መልሱ። ሳትሆኑ «ነኝ» ካላችሁ ኢሚግሬሽን ላይ ትልቅ መዘዝ ያመጣል።

2. ዜጋ የሆናችሁ ሂዱ።

ሰበባችሁን አውቀዋለሁ። «ሺፍት አለብኝ»፣ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም»፣ «ሰው ላይ መፍረድ ኃጢአት ነው»። የእኛ ሰው ልጅ የተከሰሰ ዕለት ግን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመን «ከ12ቱ የጁሪ አባላት አንድ እንኳ እኛን የሚመስል የለም» እንላለን። ጥሪውን ሁላችንም ከጣልነው ከየት ይምጣ?

እዚያ ወንበር ላይ ማን መቀመጡ የሞት የሽረት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1919 አርካንሳስ ውስጥ፣ ኢሌን አካባቢ፣ ጥቁሮች ተጨፈጨፉ፤ ሞት የተፈረደባቸው 12 ሰዎችም ጥቁሮች ነበሩ። የአምስቱ ችሎት የፈጀው 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው «ጥፋተኛ ናቸው» አለ። ፍርድ ቤቱን የከበበው ሕዝብ ሌላ መልስ አይቀበልም ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1923 ሕዝብ እያስፈራራ የተካሄደ ችሎት ፍርድ ሊባል እንደማይችል ተወሰነ። በመጨረሻ 12ቱም ተፈቱ። ጥቁር ሆናችሁ አሜሪካ ስትኖሩ ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

3. ሚኒያፖሊስ ላይ ያየነውን አትርሱ።

ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስ፣ ዴሪክ ሾቪን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ችሎት ሲቀርብ የግድያውን ቪዲዮ ያላየ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ሕንፃው በአጥር ተከቦ ነበር። ጠበቃው ችሎቱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛው ፒተር ኬሂል አልተቀበሉም። ጁሪ ገና እየተመረጠ ሳለ ከተማዋ ለሟች ቤተሰብ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቷ ተነገረ። ዳኛው ከዚያ በፊት የተመረጡትን ሰባት ሰዎች መልሰው አንድ በአንድ ጠየቁ። ይህን ሰምታችሁ ነበር? ሐሳባችሁን ነክቶታል? ሁለቱን አሰናበቱ። ችሎቱ እየተካሄደ ሳለ የጁሪዎቹ ስምና ፊት ለሕዝብ አልወጣም። ውሳኔ ሊሰጡ ሲቀመጡም ከቤታቸው ተለይተው እንዲያድሩ ተደረገ።

እኔ ሾቪን ጥፋተኛ የተባለበትን ያን ፍርድ ትክክል ነው ከሚሉት ነኝ። ትክክል ነው ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገረው ግን ከተማው ሁሉ ለጠላው ሰው ያ ሁሉ ጥንቃቄ ስለተደረገ ነው። እንግሊዝ አገርም የያዘውን ጉዳይ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የፈተሸ የጁሪ አባል እስር ሊጠብቀው ይችላል። በየምትኖሩበት አገር ይህን ሕግ አክብራችሁ ትኖራላችሁ። ለአገር ቤት ሲሆን ለምን ትተዉታላችሁ?

4. ደሴ ላይ ጁሪ የለም።

አገራችን ውስጥ ማስረጃ የሚመዝኑትም፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉትም፣ ቅጣቱን የሚወስኑትም ዳኞች ናቸው። ሚኒያፖሊስ ሁለት ሰው ተሰናብቶ ሌላ ተተካ። እዚህ ዳኛው ራሱን ከችሎት ቢያነሳ የሚተካውም ስለ ጉዳዩ በስልክ የተሰራጨውን ያንኑ ቪዲዮ አይቷል። ማታ ከሰው ለይቶ የሚያሳድረው የለም። ከችሎት ወጥቶ በፒያሳ በኩል በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ከሟች ወይም ከተከሳሽ ዘመድ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ሰኞ ገበያ ሲወጣ ሰው ትከሻውን ይዞ «ያን ሰውዬ ምን አደረጋችሁት?» ይለዋል።

እናንተ ደግሞ እላዩ ላይ ትጭኑበታላችሁ። አንድ ሰው ተጠርጥሮ በተያዘ ማግስት፣ ክስ እንኳ ሳይመሠረት፣ ፎቶው ከነስሙ ከነሰፈሩ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ላይቭ ይከፈታል። አንዱ ከዴንቨር «ይሰቀል» ይላል፤ ሌላው ከጅዳ የእናቱን ቤት ይጠቁማል። ዋስትና የተፈቀደ እንደሆነ ደግሞ የዳኛው ፎቶ ይለጠፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በሕግ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት አለው ይላል። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ይህን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልገንም። አበጋሮቻችን፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ የደም ነገር ይዘው ሲቀመጡ ሁለቱንም ወገን አስቀርበው ነው የሚሰሙት።

ምስክሮቹስ? ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። አንድ ምሽት ደጃፏ ላይ ጠብ ተነስቶ ሰው ሞተ። አንዱ የእሷን በረንዳ ቀርጾ «እሷ ታውቃለች» ብሎ ለቀቀው። ውጭ ያለው ሁሉ ተቀባበለው። ከሁለቱም ወገን ሰው እየመጣ በርጩማዋ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሻይ ያዛል፣ አይጠጣም፣ ዝም ብሎ ያያታል። ፖሊስ ሲጠይቃት «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ አላየሁም» አለች። ይህን ስትነግረኝ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። «ጋሼ፣ ሦስት ልጅ አለኝ» ነው ያለችኝ። ሼር ያደረጋችሁት ፍትሕ ፈልጋችሁ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ገዳዩን ልታስቀጣ የምትችለውን ሴት አፍ ያዘጋችሁት እናንተ ናችሁ!

የአብሮ አደጌ ልጅም አለ። ሲታሰር ስንቱ ሰደበው፣ ስንቱ ረገመው። በኋላ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ የለም ብሎ በነፃ አሰናበተው። ያን ዜና ማንም አልተቀባበለውም። ልጁ ደሴ መኖር አልቻለም፤ አገር ለቆ ሄደ። አባቱ ውሳኔውን ሳይሰማ ሞተ። ለቀብሩ አልደረስኩም። ሐዘን ልደርስ ቤታቸው ስገባ እናትየው መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እዚያ ያላችሁት ነፃ መውጣቱን ሰምታችኋል?» ብላ ነው። የምመልስላት አጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

5. ገንዘብም ጉልበትም ካላችሁ

ለተጎጂው ቤተሰብ ጠበቃ አቁሙ። ከገጠር ለሚመጣ ምስክር የመኪናና የምግብ ቻሉ። ችሎቱ በግልጽ እንዲታይ፣ ቀጠሮ እንዳይንዛዛ ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ መብት ነው። ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ ቤተሰቡ ይግባኝ እንዲል አግዙ። ዳኛው ጉቦ በልቷል የምትሉ ማስረጃችሁን ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅርቡ። የኮምቦልቻዋ ሴት በረንዳ ያለበት ቪዲዮ ገጻችሁ ላይ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉት፤ ለላካችሁላቸውም ደውላችሁ አስጠፉ።